ካሳ ማለት ቤት ነው

በጣሊያንኛ ፖርታ በር ነው፣ ፊኔስትራ መስኮት ነው፣ ሌቶ አልጋ ነው፤ ሌት የሚተኙበት ሌቶ ብዬ ነው የያዝኩት፣ እኔ ግን ሌት አልተኛም፣ አልጋ ውስጥ የምገባው ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ አፉን ሲጠርግ ነው፣ እንቅልፍ ደግሞ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ሰዓቱን ካሳለፍክበት «ነገ ተመለስ» ይልሃል። የመስኮቱን መዝጊያ እስከ ታች አውርጄዋለሁ። በቀዳዳዎቹ የሚገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል፣ ነጠብጣቦቹ ቀስ እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ትራሱ ላይ ሲደርሱ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ከላዬ ያለው ተከራይ ይራመዳል። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፣ ደረጃ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም፣ የማውቀው ተረከዙን ብቻ ነው። ሴዲያ ወንበር ነው። ታቮሎ ጠረጴዛ ነው፣ ከጣውላ ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ቴቶ ጣሪያ ነው፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ፣ ጣሪያ ባልኩ ቁጥር እማዬ ትመጣለች፣ ስልኩን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ በሹክሹክታ «ልጄ፣ ጣሪያችን ላይ ሰው ይሄዳል» ትለኛለች። ድመት ነው እማዬ፣ አልኳት። «ድመት ጫማ ያደርጋል?» አለችኝ።

የምሠራው የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ እገባለሁ፣ ሱቁ እስኪከፈት እጠርጋለሁ፣ እወለውላለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ነው፣ ውስጡ ግን ክፍል ክፍል ሆኖ ተሠርቷል፤ መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ የልጆች ክፍል፣ ሁሉም የተነጠፈ፣ ሁሉም የተሰናዳ፣ ሰው ብቻ የሌለበት። ክፍሎቹ ሦስት ግድግዳ ነው ያላቸው፣ አራተኛው ገዢ የሚቆምበት ነው። መስኮት አለ፣ መጋረጃውን ስትገልጠው ግድግዳ ነው። በር አለ፣ ስትከፍተው የሌላ ክፍል ጀርባ ነው። ቧንቧውን ብታዞረው ጠብ የሚል የለም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት መጻሕፍት ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ካርቶን ነው፣ አንድ ቀን የመወልወያዬ እንጨት ነካውና እንደ ቅጠል ተንሳፍፎ ምንጣፉ ላይ አረፈ፣ ድምፅ እንኳን አላሰማም፣ ያ ነው ያስደነገጠኝ። መጀመሪያ ሰሞን ለክፍሎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ መሥራት አልችልም ነበር። የቤቱ ሰዎች ድንገት ከሥራ ተመልሰው «አንተ ደግሞ ማነህ?» የሚሉኝ ይመስለኛል፣ አሁንም ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ሳላስበው ጫማዬን በሩ ጋ አውልቄ ነው የምገባው።

ቋንቋውን የተማርኩት ከዕቃዎቹ ነው። እያንዳንዱ ላይ ስሙና ዋጋው ተንጠልጥሏል፤ ዋጋው ለገዢ፣ ስሙ ለእኔ። አነበንበዋለሁ፣ ዘበኛው ያርመኛል። ዘበኛው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሽማግሌ ነው፣ ቁልፎቹ ወገቡ ላይ እየተንቃጨሉ ይከተለኛል፣ ሥራዬን ሊቆጣጠር ይሁን ብቻውን መሆን ፈርቶ አላውቅም። «ሌቶ» እላለሁ። «ኢል ሌቶ» ይለኛል ጣቱን ቀስሮ፣ «ያለ ኢል አልጋው ራቁቱን ነው።» ዕቃዎቻቸው ወንድና ሴት ናቸው፣ በወንዱ ስም ፊት ኢል፣ በሴቷ ፊት ላ ይባላል። በር ሴት ናት፣ መስኮት ሴት ናት፣ ወንበር ሴት ናት፣ አልጋ ወንድ ነው፣ ጣሪያ ወንድ ነው። «ቤትስ?» አልኩት። «ሴት ናት» አለኝ፣ «ላ ካሳ። የኔዋ ሴትዮ ስትሞት ቤቱ አብሯት ሄደ፣ አሁን የምኖረው ግድግዳዎች መሃል ነው።» ይህን ሲል የሕፃን አልጋ ዳር ተቀምጦ ነበር፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። መሳቅ ፈለግሁ፣ አልሳቅሁም።

ካሳ ስል ግን ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱን ልነግረው ሞከርኩ፣ በእኛ ቋንቋ ካሳ ማለት ንብረትህ ሲወሰድብህ በምትኩ የሚሰጥህ ነው ለማለት ቃሉ አጠረኝ፣ እጄን አወናጨፍኩ፣ «ቤት ይሄዳል፣ ካሳ ይመጣል» አልኩት በተሰባበረ ቋንቋ። ዘበኛው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ካሳ ከሄደች ካሳ አትመጣም» አለኝና ቁልፎቹን እያንቃጨለ ሄደ።

አንድ ማለዳ ከመኝታ ክፍሎቹ በአንዱ አልጋው መሃሉ ጎድጉዶ አገኘሁት። ትናንት ራሴ ወጥሬ ያነጠፍኩት አንሶላ ነው። ትራሱ ላይ የራስ ቅርጽ አለ። እጄን አሳረፍኩበት፣ ሞቅ ይላል። ዘበኛውን ጠርቼ ሳሳየው ትከሻውን ሰበቀ፣ «አስተካክለውና ዝም በል» አለኝ። እሱ ራሱ ይሆናል እላለሁ፣ ባዶ ግድግዳ የሰለቸው ሰው ነው፣ እሱ ካልሆነ ግን ማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። በዚያው ሰሞን ግራጫው ሶፋ ላይ እግሬን አነባብሬ ፎቶ ተነስቼ ለእህቴ ልኬላታለሁ፣ ከኋላዬ መብራቱ በርቶ፣ መጋረጃው ወርዶ። «ቤቴ ነው» አላልኩም። «ይኸው» ነው ያልኩት። እውነተኛው ቤቴ ይሄ ነው፤ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ አንድ ክፍል፣ በራሴ ላይ የሚያልፍ የውኃ ቱቦ፣ ፎቅ ያሉት ገላቸውን ሲታጠቡ ቱቦው እንደ ተራበ ሆድ ይጮሃል፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር፣ ላ ሴዲያ፣ ሴት ናት፣ ልብሴን ተሸክማ ትቆማለች፣ በጨለማ ሰው ትመስላለች።

እማዬ ዓይኗን ካጣች ቆይታለች። እኔ ስወጣ ጥላ ይታያት ነበር፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ጥላህ ረዥም ነው» ብላ ነው የሸኘችኝ፣ አሁን ጥላውም የለም። ቤቱን ግን በመዳፏ ታውቀዋለች። ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውኃው እንስራ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ከእኛ ከሚያዩት ቀድማ ትደርስ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ መሪያችን እሷ ነበረች፣ «አሁን እኩል ሆንን» ትለን ነበር እየሳቀች። ከዚያ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ሆስፒታል ገብታ ብዙ ተኛች። ከሆስፒታል ስትወጣ ነው ነገሩ የጀመረው። የዚያን ቀን ደወልኩ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ እማዬ አልኳት። «ቤቴ አይደለም» አለችኝ። ምን ጎደለብሽ? «ምንም አልጎደለም። አልጋዬ አለ፣ ኮመዲኖው አለ፣ ሳጥኔ አለ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ቤቱ ነው የሌለው።»

በሌላ ቀን ስደውል ስለ ዝናቡ አወራችኝ። «ትናንት ዝናብ ሸተተኝ። መሬቱ ሸተተኝ። ጣሪያችን ላይ ግን አልወረደም፣ ጆሮዬን አቁሜ አደርኩ፣ አንዲት ጠብታ የለም። የሰው ቤት ላይ ነው የሚዘንበው ልጄ።» ስልኩን እህቴ ትወስድባታለች፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማኛል፣ ከዚያ የእህቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመጣል። እህቴ ካገባችው ሰው ተለይታ ወደ እናታችን የተመለሰች፣ እማዬን የምታጥብ፣ የምታጎርስ፣ የምታስተኛ፣ እኔ ገንዘብ ብቻ የምልክላት እህቴ። «ወንድም ጋሼ፣ ከዕድሜ ነው፣ ሐኪሙም ብሏል። ሌሊት ተነስታ በሩን ትፈልጋለች። ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች። እኔንም ትንሹ ወንድማችንንም አታምነንም፣ አንተን ነው የምታምነው። እባክህ ማልላት።» ማልኩላት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ «እማዬ በአባቴ አጽም፣ ቤትሽ ነው ያለሽው» አልኳት። «አባትህን ካነሳህማ» አለች፣ «እሺ።» አውቶቡሱ መጣ፣ ገባሁ፣ ቦታም አገኘሁ፣ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እንደ ልጅ ተኝቼ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሹፌሩ ቀሰቀሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አንስታ አታውቅም። እህቴ ደስ አላት፣ «ተስተካክላለች» አለችኝ፣ «እንዲያውም ጨዋ ሆናለች፣ ውኃ ስትፈልግ እንኳን አስቸገርኳችሁ ትላለች።» አስቸገርኳችሁ! የገዛ ልጇን! ከሳምንት በፊት ደወልኩ፣ እህቴ ስልኩን እጇ ላይ ትታላት ወጣች፣ እማዬ የእህቴ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች። «አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «እዚህ ቤት ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው፣ አልከፉብኝም። ግን የልጆቼን ድምፅ ይዘዋል። ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የልጄን ሳቅ ሳይቀር ይዛለች ሴትየዋ።» እማዬ እሷ እኮ ልጅሽ ናት! «ልጄ አትዋሸኝማ» አለች። ከላዬ ያለው ሰው መራመዱን አቆመ፣ ያዳምጠኝ ይመስል። «አንተስ» አለችኝ፣ «አንተ ማነህ?» እኔ ነኛ እማዬ። «እሱማ ድምፁ የሱ ነው። ልጄ ግን በአባቱ አጽም በውሸት አይምልም።» ስልኩን አልዘጋችውም፣ ማጥፊያው የት እንደሆነ አታውቅም፣ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው፣ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ እንግዳ ቤት የሚያድር ሰው ትንፋሽ ነው፣ ሲያስል ሰው እቀሰቅሳለሁ ብሎ የሚሰጋ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነበረኝ፣ ለስደተኛ በነጻ የሚሰጥ ትምህርት፣ አስተማሪዋ ቀጭን ሴት ናት፣ ስታስተምር አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ትጠመዝዛለች። ተራ በተራ እየተነሳችሁ የተወለዳችሁበትን ቤት ንገሩኝ አለችን፣ ከበሩ ጀምራችሁ፣ በስተቀኝ ምን አለ፣ በስተግራ ምን አለ። ቀኝ ዴስትራ ነው። ግራ ሲኒስትራ ነው፣ እማዬ ግራኝ ስለሆነች ሲኒ በግራዋ ነው የምትይዘው፣ ሲኒ፣ ሲኒስትራ፣ እንደዚያ ብዬ ነው የያዝኩት። ተነሳሁ። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው፣ ያን ሁሉ ስደተኛ፣ እማዬ ቤት። ስትገቡ በስተቀኝ መስኮት አለ አልኳቸው፣ ጠዋት ፀሐይ በዚያ ይገባል፣ ከመስኮቱ ሥር የእናቴ አልጋ አለ፣ በስተግራ ሳጥን አለ። አንዳንዶቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ አየኋቸው፣ እውነት ያለ ይመስል። አስተማሪዋ ሻርፗን ጠመዘዘች። «አለ ነው ወይስ ነበር?» አለችኝ። ምን? «መስኮቱ። አሁንም አለ ወይስ ድሮ ነበር? ግሱ ይለያያል።» አለ አልኩ። «እርግጠኛ ነህ?» ለሰዋስው ነው የጠየቀችኝ፣ ሌላ ምን ልታውቅ? ለሚቀጥለው ጊዜ ቤቱን በወረቀት ላይ ሥላችሁ የየዕቃውን ስም ጻፉበት ብላ ለቀቀችን።

ስለዚህ ዛሬ እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ለእህቴ በምስል ደወልኩላት። ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ሰጡኝ አልኳት፣ ሳቀች፣ «በሽበትህ?» አለችኝ። ቤቱን አሳይኝ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ልጻፍ። ሳቋ ቆመ። «ምን ያሳያል፣ ታውቀው የለ?» አለችኝ። ብታሳዪኝ ምን ይጎድልብሻል? ስልኩን አዞረችው፣ በፍጥነት፣ የእማዬን አልጋ፣ እማዬ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ወደ ማንም አልዞረም፣ ኮመዲኖው፣ ያው ኮመዲኖ፣ ጥጉ የተላጠው፣ ሳጥኑ፣ መጋረጃው፣ ያው የአበባ መጋረጃ፣ ሁሉም አለ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ፀሐዩ ግን በግራ ነው የሚገባው፣ በግራ መስኮት ኖሮን አያውቅም። ሲኒስትራ አልኩ በሆዴ። ስልኩ ይሆናላ የገለበጠው፣ አንዳንድ ስልክ ግራን ቀኝ ያደርጋል። ከአልጋው በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ ጽሑፉን አነበብኩት፣ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አልተገለበጡም። መስኮቱ ነው የዞረው። ልክ እንደ መሸጫው፣ ልክ እንደዚያ፣ ሁሉም ተነጥፏል፣ ሁሉም ተሰናድቷል፣ መጋረጃውን ብትገልጠው ከኋላው ምን እንዳለ አላውቅም፣ እናቴ ደግሞ መሃሉ ላይ ተቀምጣለች።

ልጠይቃት ፈራሁ። እንደ ፈሪ ሰው ወሬ ለመቀየር «ቤት በነሱ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?» አልኳት፣ «ካሳ።»

ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያ ታየኝ፣ ወለል ታየኝ፣ በር ከኋላዋ ተዘጋ፣ ከዚያ የእህቴ ፊት ብቻውን ቀረ፣ አመድ መስሎ። «ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ምኑን?

«የካሳውን። ትንሹ ነው አይደል? አትናገር ብዬው ነበር። አፉ አያርፍም።» የምን ካሳ ነው የምትዪው? አልኳት፣ እሷም ያልኩትን አሁን ሰማችው፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ግን ውኃው ፈሷል፣ አይታፈስም።

እማዬ ሆስፒታል እያለች ነው። የመንግሥት ሰዎች መንገድ ሊወጣበት ነው ብለው መጡ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ፣ ካሳ ተከፈለ፣ በካሳው እህቴና ትንሹ ፎቅ ሕንፃ ሥር ምድር ቤት ገዙ። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ አታስደንግጧት ብሏል። ያን ጊዜ ትንሹ ወንድማችን ቤቱ ሳይፈርስ በገመድ ለካው፣ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ እንስራ፣ አዲሱ ቤት ውስጥ በዚያው ልክ ደረደሩት፣ መጋረጃውን በነበረበት በኩል ሰቀሉት፣ ከኋላው ግድግዳ ቢሆንም፣ እሷ መዳፏ እንዲያርፍበት። «ሦስት ቀን ዓይናችንን ጨፍነን ስንሄድበት ነበር፣ እሷ ሆነን» አለችኝ እህቴ፣ «አንድም ቦታ አልተጋጨንም። ታውቅብናለች አላልንም። ዝናቡን አላሰብነውም።»

ጮኽኩ። ቱቦው በላዬ ይጮሃል፣ እኔም ጮኽኩ። እንዴት እኔን በአባቴ አጽም አስማላችሁኝ? እንዴት እናቴን እብድ ናት አላችሁኝ? እህቴ አስጨረሰችኝ። ልጅ ሆና ስቆጣት እንደምታደርገው፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከዚያ ቀና አለች። «አንተስ?» አለችኝ። «ያ ሳሎን ያንተ ነው? ግራጫው ሶፋ? መብራቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበር ወንድም ጋሼ። ለእማዬ ግን ቤቱ ያምራል፣ መብራት አለው፣ መጋረጃ አለው ብዬ ነግሬያታለሁ። አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ?» ለካ ፎቶዬን አጉልታ አይታው ኖሯል፣ አይታው ዝም ብላ ኖሯል፣ በየበዓሉ «ቤትህ ሰላም ነው?» ስትለኝ እያወቀች ነው።

እማዬን አገናኚኝ አልኳት፣ ልነግራት ነው። «አትችልም» አለችኝ፣ «ትሞትብናለች።» እሷ አይደለችም እህቴ፣ እኛ ነን የሞትንባት። ልጆቼን የወሰዱብኝ ሰዎች ቤት ነው ያለሁት እያለች እኮ ነው፣ ሲመሽ ማን አጠገቧ እንዳለ አታውቅም፣ በየቀኑ የሚያጥባት እጅ የማን እንደሆነ አታውቅም። እህቴ ይህን አልሰማችም ነበር። «እኔን?» አለች። አንቺን። ሴትየዋ ደግ ናት ትላለች፣ አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልናገርም። ስልኩን ይዛ ገባች።

እማዬ አልኳት። «አቤት» አለች፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው፣ በጨዋ ደንብ። እማዬ አልምልልሽም። ልክ ነሽ፣ ያለሽበት ቤት ቤትሽ አይደለም። ቤትሽ ፈርሷል። ዕቃሽ ያንቺ ነው፣ ልጆችሽም ልጆችሽ ናቸው፣ ቤቱ ግን ሌላ ነው። የማልኩልሽ ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በይኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፣ ብቆም እንደማልጨርሰው ስለማውቅ። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። እጇ ብቻ ጉልበቷ ላይ ተከፈተ፣ የጨበጠችው ነገር ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«አላበድኩማ» አለች።

አላበድሽም እማዬ።

«ጣሪያው ላይ የሚሄደውስ?» ጎረቤት ነው፣ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ እናንተ ምድር ላይ ናችሁ። «ጫማ ያደርጋል» አለች። ያደርጋል እማዬ። ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ትልቅ ክርክር ያሸነፈ ሰው ሆነች። «ሲፈርስ ማን ነበር?» አለች እማዬ። እኔ ነበርኩ አለች እህቴ። «ብቻሽን?» ብቻዬን፣ ትንሹ ዕቃ እየጫነ ነበር። «ድምፁ ትልቅ ነበር?» እህቴ አፍንጫዋን ሳበች። «አልቅሰሻል?» አለቻት። «አለቀስኩ» አለች እህቴ። «ልጄ» አለች እማዬ፣ እጇን ወደ ድምፁ ዘርግታ፣ «ነይ ወደዚህ፣ እንግዲህ አንቺው ነሽ፣ ነይ።» ስልኩ ከእህቴ እጅ ወደቀ፣ ኮመዲኖው ላይ በጀርባው ተኛ፣ ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚታየኝ ጣሪያ ብቻ ነው። የማላውቀው ጣሪያ፣ የሲሚንቶ፣ አንድ ስንጥቅ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደበት። ሁለቱም ሲያለቅሱ ከስንጥቁ የሚወጣ ነበር የሚመስለው።

ዕንባው ሲያበቃ እማዬ ተነሳች። አልጋው ሲጮህ ሰማሁ። «አውጪኝ» አለች። ወዴት? «ደጅ። ከበሩ ውጭ። በሩንም ዝጊው።» እማዬ ብርድ ነው። «አውጪኝ አልኩሽ። በዚህ ቤት ተሸክማችሁ ነው ያስገባችሁኝ፣ ተኝቼ ነው የገባሁት፣ እንደ ዕቃ። በበሩ ገብቼ አላውቅም።» እግሮች ተጎተቱ፣ ከዘራዋ ወለሉን ነካ ነካ አደረገ፣ እየራቀ ሄደ፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ማንም ስልኩን አላሰበውም። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ እግሬ ረግጦት የማያውቅ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ። ቤቱ ድምፅ አለው። አንድ ነገር ያዜማል፣ ማቀዝቀዣው ይሆናል። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል፣ ከኋላው ግድግዳ እያለ። ከላይ አንድ ሰው ይራመዳል፣ ከእነሱ በላይ ይሁን ከእኔ በላይ መለየት አቃተኝ። ልዝጋው ብዬ አውራ ጣቴን አነሳሁ፣ አልዘጋሁትም፣ ቤት ጥዬ የምወጣ መሰለኝ።

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በከዘራ።

«ቤቶች!» አለች እማዬ ከውጭ።

ድምፁ ሠፈር አቋርጦ ጎረቤት ሊጠይቅ የመጣ ሰው ድምፅ ነው፣ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሙሉ ድምፅ፣ ከወደቀች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው። «እማዬ ማን አለ ብለሽ ነው፣ ሁላችንም ውጭ ነን እኮ» ትላታለች እህቴ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች። «ዝም በይ» አለቻት እማዬ፣ «የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ አይገባም።» አንዴ ጠበቀች። «ቤቶች! ደህና ዋላችሁ?» አለች እንደገና። ጣሪያው ዝም፣ ስንጥቁ ዝም። እህቴ አትመልስላትም፣ ውጭ የቆመ ሰው ከውስጥ አይመልስም። እናቴ ግን አትገባም፣ አውቃታለሁ፣ ካልተባለች እስኪመሽ ትቆማለች፣ በዚያ ዳሌዋ።

«ቤቶች!»

አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድምፄ እንዲጎላ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«ይግቡ» አልኩ፣ «ቤት ለእንግዳ።»

መዝጊያው ሲጢጥ አለ፣ የከዘራዋ ጫፍ ደፉን ፈልጎ አገኘው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች እማዬ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ በእግሯም ገባች።